ጥይት ለምን አይቀባም? የቀለህና የቅባት ነገር

በዲማና በዙሪያዋ ባሉ የጎጃም ደጋማ አካባቢዎች ጠመንጃ መወልወል ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው መሣሪያ ከግድግዳ ይወርዳል፤ ጨርቅ በዘይት ይነከራል፤ ብረቱና እንጨቱ እስኪያብረቀርቁ ይታሻሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንዱ ወልዋይ በጨርቁ ላይ የተረፈችውን ቅባት በዝናሩ ላይ ለተደረደሩት ጥይቶች ያካፍላል። ዘይት ያጣ ደግሞ ቅቤ ወይም ሞራ ይጠቀማል። ብረት እንዳይዝግ ከተቀባ ጥይቱስ ለምን ይቅር በሚል ቅን አሳብ የሚደረግ ነው።

ይሁን እንጂ የተቀባ ጥይት ባለቤቱን የሚጎዳባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። በአንጻሩ ቅባትና ቀለህ የግድ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ፤ እርሱም የተተኮሰ ቀለህ ዳግመኛ ጥይት እንዲሆን የሚሠራበት ሙያ ነው። በዚያ ሙያ ቅባቱ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚቀባና መቼ እንደሚጠረግ መረዳት ቅባት በተሞላ ጥይት ላይ ለምን ቦታ እንደሌለው ያስረዳል።

ቀለህ ሲተኮስ የሚሆነው

ጥይት አራት ነገሮች አሉት። ከፊት የሚወነጨፈው አረር፣ በውስጥ የሚነደው ባሩድ፣ ከኋላ ሲመታ እሳት የሚፈጥረው መለኮሻና ሁሉንም አቅፎ የሚይዘው ቀለህ ናቸው። ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ ከናስ ይሠራል። የተለመደው የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ነው። ይህ ድብልቅ የተመረጠው ሲገፉት የሚለጠጥ፣ ሲለቁት ደግሞ በመጠኑ ወደ ቦታው የሚመለስ በመሆኑ ነው።

ባሩዱ ሲቀጣጠል ጋዙ ቀለሁን ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ናሱ ከጠመንጃው የጥይት መጉረሻ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳያፈተልክ ይዘጋል። አረሩ ወጥቶ ግፊቱ ሲወርድ ናሱ ጥቂት ይሰበሰባል፤ ቀለሁም ተስቦ ይወጣል። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። ከመተኮሱ በፊት ከነበረው በጥቂቱ ሰፍቶ ይቀራል።

ቅባቱ ለምን አስፈለገ?

የሰፋ ቀለህ እንዳለ ቢሞላ በጠመንጃው ውስጥ በትክክል ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ልኩን ጠብቆ በተሠራ የጠነከረ ብረት ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ተገፍቶ እንዲጠብ ይደረጋል። እዚህ ላይ ሰበቃ ይመጣል። ደረቅ ናስ በደረቅ ብረት ላይ በከፍተኛ ጫና ሲንሸራተት ይነክሳል፤ የናሱ ቅንጣት ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ቀለሁ በመካከል ተቀርቅሮ ይቀራል። በኃይል ሲሳብም ከንፈሩ ተቀድዶ ይወጣና ገላው በውስጥ ይቀራል። መሣሪያውም ሥራ ያቆማል።

ይህን የሚከለክለው በናሱና በብረቱ መካከል የሚገባ ስስ የቅባት ሽፋን ነው። የቀለህ ቅባት ማለት ይህ ነው። የተዘጋጀው ጥይትን ከዝገት ለመጠበቅ ሳይሆን ቀለህ ሲጠብ እንዳይቀረቀር ነው። ሥራው የሚፈጀው የጥቂት ሰከንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የቅባቱ ምርጫ

ለዚህ ሥራ የሚሆን ቅባት አንድ ዋና ጠባይ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም በጫና ሥር ተጨምቆ አለመሸሽ ነው። ለዚህም ቀጭን የሞተር ዘይት አይመረጥም። ለሚሽከረከር ብረት የተሠራ እንጂ ናስን ለመጭመቅ የተሠራ አይደለምና፣ ጫናው ሲበረታ ከመካከል ይሸሻል።

በሙያው የታወቁት ቅባቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ወፈር ያለ ሰም መሰል ቅባት ነው። በጣት ጫፍ ተነክቶ በቀለሁ ገላ ላይ ይታሻል፤ ጫናን በደንብ ይችላል። ሁለተኛው ላኖሊን ነው። ይህ ከበግ ጠጉር ሲታጠብ የሚገኝ ተፈጥሯዊ ቅባት ሲሆን በሌላው ዓለም ለቆዳ ቅባትና ለመድኃኒት መሥሪያም ይውላል። በአልኮል ተበጥብጦ ይረጫል፤ አልኮሉ ሲተን ስስ ሽፋኑ ይቀራል። ሦስተኛው በውኃ የሚታጠብ ቅባት ነው። ጫናን የመቻል አቅሙ ከሰሙ ሊያንስ ቢችልም ለማጽዳት ቀላል ነው። ለቀለሁ አንገት ውስጠኛ ክፍል ደግሞ እርጥብ ቅባት ሳይሆን እንደ ግራፋይት ያለ ደረቅ ዱቄት ይመረጣል፤ እርጥብ ነገር ከባሩድ ጋር መገናኘት የለበትምና።

ቅቤና ሞራ በምርጫው የማይገቡበት ምክንያት ለገበሬ ቤት እንግዳ አይደለም። ያልነጠረ ቅቤ በውስጡ ውኃ አለ። ሞራም ሆነ ቅቤ በቆየ ቁጥር ይሻግታል፤ ሲሻግት አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ በናስ ውስጥ ያለውን መዳብ ይበላዋል። በአሮጌ የናስ ዕቃ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ዝገት የዚህ ዓይነት ጉዳት ምልክት ነው። የንብ ሰም ግን ለዘመናት ሳይበላሽ ይቆያል። በገዳማትና በአድባራት ጧፍና ሻማ ሲሠራበት የኖረው ሰም በጦር መሣሪያ ታሪክም ቦታ ያገኘው በዚህ ጠባዩ ነው።

አቀባቡና አጠራረጉ

በቅባት አቀባብ ላይ ትልቁ ስሕተት ማነስ ብቻ ሳይሆን መብዛትም ነው። ፈሳሽ ነገር ተጨምቆ አያንስም። በቀለሁ ትከሻና በብረቱ መካከል የተጠራቀመ ቅባት መውጫ ሲያጣ ናሱን ወደ ውስጥ ይሰረጉደዋል። የጠብታ ቅርጽ ያለው ስርጉድ የተገኘበት ቀለህ ቅባት እንደበዛበት ያሳያል። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎች ቀለሁ አስቀድሞ ከጥላሸትና ከአቧራ እንዲጸዳ፣ ቅባቱም በዓይን ብዙ የማይታይ በጣት ግን የሚታወቅ ያህል ስስ እንዲሆን፣ በገላው እንጂ በትከሻው ላይ እንዳይከማች ያደርጋሉ። አቧራ ከቅባት ጋር ሲደባለቅ እንደ ሞረድ ሆኖ ናሱንም ብረቱንም ይፍቃል።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ደንብ ግን የመጨረሻው ነው። ቀለሁ ልኩን ከያዘ በኋላ ቅባቱ አንድም ሳይቀር ይጠረጋል ወይም ይታጠባል፤ ቀለሁም ይደርቃል። ቅባት ለሥራው ያስፈለገውን ያህል፣ ሥራው ሲያልቅ መወገዱም የግድ ነው። የተሞላ ጥይት ደረቅ መሆን አለበት።

ከመቅደላ እስከ ጎጃም አርበኞች

የጥይት ቅባት በታሪክ ውስጥ መንግሥትን እስከ መነቅነቅ ደርሷል። እ.ኤ.አ በ1857 በሕንድ የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ወታደሮች ካመፁባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ በጥርስ ተነክሶ የሚከፈተው የኤንፊልድ ጠመንጃ የወረቀት ጥይት በላምና በአሳማ ሞራ ተቀብቷል መባሉ ነው። ነገሩ የሂንዱውንም የሙስሊሙንም እምነት የሚነካ ነበር። በዚያ ዘመን ቅባቱ ያስፈለገው አረሩ በአፈሙዝ በኩል በቀላሉ እንዲገባና የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እንዲለሰልስ ነው።

ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም፣ የጄኔራል ሮበርት ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት እንግሊዛውያኑ ወታደሮች የያዙት ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ነበር፤ ኢትዮጵያውያን በኋላ ሰናድር ያሉት ይህንኑ ነው። ከዚያም የፈረንሳዩ እ.ኤ.አ የ1874 ሞዴል ግራ ጠመንጃ መጣ፤ ፉዚል ግራ የሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ በአማርኛ ውጅግራ ሆነ። ባለ 11 ሚሊ ሜትር የናስ ጥይት የሚጎርሰው ውጅግራ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም በዓድዋ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ መገበያያ ያገለግል ነበር። ለመሣሪያው ካለው ክብር በተጨማሪ ጥይት ውድና ከሩቅ የሚመጣ ነገር ስለነበር ዋጋ አጥቶ አያውቅም። እያንዳንዱ ዓይነት ጠመንጃም የራሱን ጥይት ብቻ ይፈልጋል፤ የውጅግራ ጥይት ለምንሽር፣ የምንሽር ለቤልጅግ አይሆንም። በጎጃም ለአምስት ዓመታት የተዋጉት አርበኞች፣ በብቸናና በአካባቢው የተንቀሳቀሰው በላይ ዘለቀን ጨምሮ፣ ጥይትን በቁጥር ይዘው ከጠላት በመማረክ ጭምር ሲዋጉ የኖሩት በዚህ እጥረት ውስጥ ነው።

ከዚያ ጦርነት ስለ ቅባት ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን የጠላት መሣሪያ ነው። የጣሊያን ጦር ብሬዳ 30 የተባለ ቀላል መትረየስ ነበረው። መሣሪያው ቀለሁን ቀስ ብሎ ላልቶ እንዲወጣ የማያደርግ አሠራር ስለነበረው ቀለህ እየተቀረቀረ ያስቸግር ነበር። ሠሪዎቹ መፍትሔ ያሉት ወደ ውስጥ የሚገባውን እያንዳንዱን ጥይት ዘይት የሚቀባ ትንሽ ፓምፕ መግጠም ሆነ። ዘይቱ ግን አቧራን ሳበ። አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ጭቃ ሆነና መትረየሱ በተፈለገበት ሰዓት ይነክስ ጀመር። መጥፎ ስም ካተረፉ የዚያ ዘመን መትረየሶች አንዱ የሆነውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በፋብሪካ የተሠራ፣ የራሱ ቀቢ የተገጠመለት መሣሪያ በዘይትና በአቧራ ከተሸነፈ፣ በቅቤ ታሽቶ በአቧራማ መንገድ የሚዞር የዝናር ጥይት ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

የተቀባ ጥይት የሚያደርሰው ጉዳት

የመጀመሪያው ጉዳት የማይታየው ነው። ደረቅ ቀለህ ሲተኮስ የመጉረሻውን ግድግዳ ጨብጦ ከግፊቱ የተወሰነውን እንደሚሸከም ከላይ ከተገለጸው መረዳት ይቻላል። የተቀባ ቀለህ ግን መጨበጥ ያቅተዋል። ወደ ኋላ ይንሸራተትና የጠመንጃውን መዝጊያ ከተለመደው በበለጠ ኃይል ይገፋል። መዝጊያው ያለው ደግሞ በተኳሹ ፊት ትይዩ ነው። አዲስና ጠንካራ መሣሪያ ይህን ሊቋቋም ይችል ይሆናል። ሰማንያና መቶ ዓመት ያገለገለ፣ መቆለፊያው የላላ ጠመንጃ ግን ለዚህ ዋስትና የለውም።

ሁለተኛው በመለኮሻው ላይ የሚደርሰው ነው። ቀጭን ዘይትና ነጭ ጋዝ በጠባብ ስንጥቅ ሰርገው የመግባት ጠባይ አላቸው። በመለኮሻው ዙሪያ ገብተው ቅመሙን ሊያበላሹት ይችላሉ። ውጤቱ ሳይተኮስ የሚቀር ወይም ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት ነው። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ዝም ሲል መዝጊያውን ወዲያው መክፈት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አፈሙዙ ሰውና እንስሳ ወደሌለበት አቅጣጫ ዞሮ ቢያንስ ለግማሽ ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው። የተበላሸው ጥይት በደካማ ድምፅ ቢተኮስ አረሩ በአፈሙዙ መካከል ተሰክቶ ሊቀር ይችላል። ባለቤቱ ይህን ሳያስተውል ሁለተኛ ጥይት ቢያጎርስና ቢተኩስ የጠመንጃው ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል። ደካማ ድምፅ ከተሰማ በኋላ መተኮስ ማቆምና መሣሪያውን በባለሙያ ማስመርመር የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝናርና አረንጓዴው ዝገት

ጥይቱ ካልተቀባ በምን ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ በደረቅነት ነው። ናስ እንደ ተራ ብረት ቶሎ የሚዝግ አይደለም። ጠላቶቹ እርጥበት፣ የእጅ ላብ፣ አሲድና፣ ለብዙዎች እንግዳ ቢመስልም፣ የቆዳ ዝናር ናቸው። ቆዳ ሲለፋ የገቡበት ቅመሞችና ቅባቶች በጊዜ ብዛት ከናሱ መዳብ ጋር ተዋሕደው በዝናሩ ማቀፊያ ልክ አረንጓዴ ቀለበት ይሠራሉ። ክረምቱ ረጅም፣ ጉሙ ብዙ በሆነበት ደጋ ይህ ይፋጠናል። ዝናር ለመያዣ እንጂ ጥይት ለዓመታት ለማስቀመጫ አይሆንም።

ፈቃድ ያለው ባለቤት ሊያደርግ የሚገባው ቀላል ነው። ጥይቱን ከዝናር አውጥቶ በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ በደረቅ ዕቃ አድርጎ ከምድጃ ሙቀትና ከፀሐይ በራቀ፣ ሕፃናት በማይደርሱበትና በሚቆለፍ ቦታ ማኖር በቂ ነው። ጠመንጃው ሲወለወል ዘይት ቢቀባም ከመጉረሻውና ከአፈሙዙ ውስጥ ያለው ትርፍ ዘይት መሣሪያው ጥይት ከመጉረሱ በፊት በደረቅ ጨርቅ ሊወጣ ይገባል።

ቀለሁ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ፣ አረሩ የላላ ወይም በአረንጓዴ ዝገት የተቦረቦረ ጥይት አይተኮስም። በሞረድ ወይም በአሸዋ ፈግፍጎ ማጽዳት የተበላውን ናስ ያሳሳዋል እንጂ አያድነውም። እርጥበት የነካውን ጥይት በእሳት ዳር ወይም በምጣድ ላይ ለማድረቅ መሞከር ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ጥይት በአቅራቢያ ላለ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት አስረክቦ ማስወገድ ይገባል።

እርሻ ሲታረስ ወይም አፈር ሲቆፈር የሚገኝ አሮጌ ጥይትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። ዘመን መቁጠሩ ባሩዱን አልሞተም ይሆናል። መደብደብ፣ ወደ ቤት መውሰድም ሆነ ለልጆች መጫወቻ መስጠት አይገባም፤ ቦታውን ምልክት አድርጎ ማሳወቅ ይበልጣል። ባዶ የሚመስል ቀለህም ቢሆን መለኮሻው ያልተመታ ሊሆን ይችላልና ናሱን ለማቅለጥ ሲባል ወደ እሳት መጣል የለበትም።

ቤት ውስጥ የማይሠራበት ምክንያት

እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ቀለህን በቤት መሙላት የብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ልማድ ነው። ይህንም የሚያደርጉት ፋብሪካ በሠራው ባሩድ፣ በታተመ የልክ ሰንጠረዥና በሚዛን ነው። የባሩዱ ዓይነትና መጠን በጥቂቱ ቢዛነፍ መሣሪያው በእጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በተለይ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አሮጌ ውጅግራ ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ ቢገባ መሣሪያው ያልተሠራለት ግፊት ይገጥመዋል። ቅባቱ ከሥራዎቹ ሁሉ ቀላሉ ሲሆን ይህን ያህል ጥንቃቄ ከጠየቀ፣ ቀሪዎቹ ሥራዎች ሚዛንና ሰንጠረዥ በሌለበት ቤት ሊሞከሩ የሚገቡ አይደሉም።

ሕጉም ይህንኑ ይደግፋል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ መያዝን፣ መገበያየትን፣ ማምረትንና መጠገንን በፈቃድ የሚገዛ ነው። በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ጥይት በቤት መሥራት በሕግ ያስጠይቃል።

ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት የታወቀ ቦታ ነውና፣ ለዚህ ጉዳይ የሚስማማው ምሳሌም ከዚያው ከሰምና ወርቅ ይገኛል። ወርቅ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ከዚያ ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ አስፈላጊ ነበር፤ ወርቁ ሲገባ ግን መውጣት አለበት። የቀለህ ቅባትም እንዲሁ ነው። በባለሙያው እጅ፣ በመሥሪያው ቦታ፣ ለጥቂት ቅጽበት ይጠቅማል። በዝናር ላይ ባለ ጥይት ላይ ከተገኘ ግን ከቦታው ውጭ ነው። ስለዚህ የሚወለውል ጠመንጃውን ይቀባል፤ ጥይቱን ግን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ያስቀምጣል።